ውሃ በኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ፦ በደጋ ከተሞች የውሃ ማቀዝቀዣ እንዴት ይገጠማል?

የጥር ወር ሲገባ በቢቸና፣ በሞጣ እና በአጎራባች ከተሞች ያሉ የፎቶና የቪዲዮ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። የሰርጉ ምስል ተቆርጦ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ፣ ዘፈን ገብቶበት ለሙሽሮቹ እስኪደርስ ድረስ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ በሁለት ሰዓት ያልቅ የነበረው ሥራ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ማሽኑ ሥራው ሳይጠናቀቅ በራሱ ይጠፋል። የዚህ ችግር ምክንያት ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው።

ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ከመቃጠል የሚጠብቁበት ሥርዓት አላቸው። የውስጥ ሙቀታቸው እንደየሥሪታቸው 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ኮምፒውተሩ ይዘጋል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ማሽን ማቀዝቀዣው ደካማ ከኾነ የርካሹን ያህል ብቻ ይሠራል ማለት ነው። መፍትሔ ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮዎች የሚታየው፣ ጎኑ መስታወት በኾነ ኬዝ ውስጥ ባለቀለም ውሃ በቱቦ የሚዞርበት አሠራር ለዐይን ይማርካል። ጥያቄው ግን መብራት በሚቆራረጥበት እና መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ሀገር በሚመጣበት የደጋ ከተማ ያዋጣል ወይ የሚለው ነው።

በውሃ ማቀዝቀዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፋብሪካው ሞልቶና አሽጎ የሚሸጠው ሲኾን ገዢው ብሎን ከማሰር ያለፈ ሥራ የለበትም። ሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ ለኬዙ ልክ የሚያዘጋጀው ነው። ፓምፑ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ ራዲያተሩ፣ ቱቦው እና በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው የመዳብ ብሎክ ለየብቻ ተገዝተው ይገጣጠማሉ። ጥቅሙ ግራፊክስ ካርዱንም በዚያው ውሃ ማቀዝቀዝ መቻሉ እና አንድ ክፍል ሲበላሽ ያንን ብቻ መቀየር መቻሉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ስሕተቱ ሁሉ የገጣሚው መኾኑ ነው። የፈሰሰ ውሃ ማዘርቦርዱን ካገኘው የሰርጉ ቪዲዮም የባለቤቱ የእንጀራ ገመድም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ ላይ የዋለው ክሬይ-2 የተሰኘው ሱፐር ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ልዩ ፈሳሽ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተጠምቆ ነበር የሚሠራው። ዛሬ በኢትዮጵያም ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል የሚገዙ የዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎች ባሉበት ዘርፍ፣ በአየር ብቻ ሳይኾን በውሃ እንዲቀዘቅዙ ተደርገው የሚመረቱ ማሽኖች በዓለም ገበያ የተለመዱ ናቸው። በአንድ ጠረጴዛ ሥር በሚቀመጥ መካከለኛ ኬዝ ውስጥ ያለው ሥራም በመርሕ ከእነዚህ አይለይም። የሚለየው በቦታው ጠባብነት ነው።

ቢቸና፣ የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሞጣም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ በኾነ ክፍል ውስጥ በባሕር ጠለል ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ሺህ 200 ግራም ያህል ሲመዝን በቢቸና ግን 900 ግራም አካባቢ ነው። ፋን የሚገፋው መጠንን እንጂ ክብደትን ስላልኾነ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞር ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር በሩብ ይቀንሳል።

በቁጥር እንየው። ኮምፒውተሩ 300 ዋት ሙቀት ያወጣል፣ ፋኖቹም በሰከንድ 50 ሊትር አየር ያሳልፋሉ እንበል። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ ከኬዙ ሲወጣ ከገባበት 5 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይወጣል፤ በቢቸና ግን ከ6 ዲግሪ ተኩል በላይ ይሞቃል። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣ እና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር (አሽሬ) ይህን ታሳቢ ያደረገ መመሪያ አለው። ለተለመዱት የሰርቨር ክፍሎች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት ላይ 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛል። ለቢቸና ሲሰላ ከ5 ዲግሪ በላይ መኾኑ ነው። ደጋው ግን በአንድ እጁ የነሣውን በሌላው ይሰጣል፤ የክፍሉ አየር ራሱ ቀዝቃዛ ነው። በመተማ ቆላ በቀትር የሚሠራ ኮምፒውተር ወፍራም ግን የጋለ አየር ሲያገኝ፣ በቢቸና ሌሊት የሚሠራው ስስ ግን ቀዝቃዛ አየር ያገኛል። በአብዛኛው ሚዛኑ ለደጋው ያደላል።

ውሃ በከፍታ ምክንያት አይሳሳም። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው ሙቀት፣ በቢቸና አንድ ሊትር አየር ከሚሸከመው ከ4 ሺህ 500 እጥፍ በላይ ነው። በደቂቃ 4 ሊትር ውሃ የሚያዞር ፓምፕ 300 ዋት ሙቀት ቢጫንበት ውሃው ብሎኮቹን አልፎ ሲወጣ የሚጨምረው 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ውሃ በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱን የሚያውቅ ሰው ሥጋት ሊገባው ይችላል፤ ነገር ግን በደንብ በተሠራ ዝውውር ውስጥ ያለው ውሃ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሚቆይ ከመፍላት እጅግ የራቀ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ከቦታ ወደ ቦታ ያጓጉዘዋል እንጂ። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ የሚሻገሩ የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲፈላ ጀሪካን ይዘው የሚወርዱት ውሃው ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ ፊተኛው ራዲያተር ስለሚያደርስ ነው። ራዲያተሩ በጭቃ ከተደፈነ ግን በርሜል ሙሉ ውሃ ቢኖርም ሞተሩ ከመፍላት አይድንም። ኮምፒውተሩም ላይ እንዲሁ ነው። ሙቀቱ በመጨረሻ የሚወጣው ወደዚያው ወደ ስሱ አየር ነው። ስለዚህ በደጋ ከተማ የውሃ ማቀዝቀዣ የሚያዋጣው ውሃ ስላለው ሳይኾን፣ ከፕሮሰሰር ጥፍር ከምታህል ቦታ ላይ የሚወጣውን ሙቀት ሰፊ ራዲያተር ላይ ለመዘርጋት ስለሚያስችል ነው። ሰፊ ራዲያተር የማይገባበት ኬዝ ከኾነ ትርፉ ድካም ነው።

በዘርፉ የተለመደ ግምት አለ፤ ፋኖቹ ብዙ ሳይጮኹ እንዲሠሩ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ 100 ዋት ሙቀት አንድ ባለ120 ሚሊ ሜትር የራዲያተር ክፍል ይመደባል። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ለቢቸናና ለሞጣ ከፍታ 100ውን ወደ 80 ማውረድ ይገባል። ለምሳሌ 125 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር እና 170 ዋት የሚወስድ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን በድምሩ 295 ዋት ያወጣል። በባሕር ጠለል ከተማ ባለሦስት ፋን አንድ ራዲያተር ይበቃው የነበረው በቢቸና አራት ክፍል ይፈልጋል። ይህም ከፊት አንድ ባለ360፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ባለ120 ሚሊ ሜትር ራዲያተር ወይም ከፊትና ከላይ ሁለት ባለ240 መኾኑ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በመካከለኛ ኬዝ ውስጥ መግባት አለበት። ሚድ ታወር በመባል የሚታወቀው ኬዝ ብዙውን ጊዜ ቁመቱ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ ከ21 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ነው። በውስጡ 305 በ244 ሚሊ ሜትር የኾነ ማዘርቦርድ ይቀመጣል። የኬዙ መግለጫ ላይ “360 ራዲያተር ይቀበላል” ተብሎ መጻፉ የሚናገረው ርዝመቱን ነው፤ ውፍረቱን ግን ማንም አይነግርዎትም። ቀጭኑ ራዲያተር ወደ 30 ሚሊ ሜትር፣ መደበኛው ፋን ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ሁለቱ ሲደራረቡ 55 ሚሊ ሜትር ይኾናሉ። ከላይ የሚገጠም ከኾነ ይህ 55 ሚሊ ሜትር ከኬዙ ጣሪያ ወደ ታች ሲለካ ከማዘርቦርዱ የላይኛው ጠርዝ፣ ከራሙ ቁመት እና ከፕሮሰሰሩ የኀይል ገመድ መሰኪያ ጋር መጋጨት የለበትም። ራሙ ማጌጫ ብረት የለበሰ ረጅም ዓይነት ከኾነ ግጭቱ የማይቀር ነው።

ከፊት ሲገጠም ደግሞ የሚጠበው የግራፊክስ ካርዱ ቦታ ነው። ኬዙ እስከ 360 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ካርድ ይቀበላል ከተባለ፣ ራዲያተሩና ፋኑ 55ቱን ሲወስዱ የሚቀረው 305 ብቻ ነው። ካርዱ የውሃ ብሎክ ሲለብስ ውፍረቱ ይቀንሳል፤ የቱቦው መገጣጠሚያ ግን በላዩ ስለሚወጣ ወደ መስታወቱ በር ይጠጋል። በዚህ በኩል የሁለት ሴንቲ ሜትር ስሕተት በሩ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ዕቃው ከሩቅ ስለሚመጣ፣ የማይገባ ራዲያተር መልሶ መላክም ከመግዛቱ በላይ ስለሚያስቸግር፣ አስተማማኙ ዘዴ ካርቶን ነው። ለባለ240 ራዲያተር 280 በ120 በ55 ሚሊ ሜትር፣ ለባለ360 ደግሞ 400 በ120 በ55 ሚሊ ሜትር የኾነ የካርቶን ሳጥን ተሠርቶ በኬዙ ውስጥ በታሰበው ቦታ ይቀመጣል። ፓምፑና ማጠራቀሚያውም እንዲሁ በካርቶን ይመሰላሉ። በሩ ተዘግቶ፣ ገመዱ ሁሉ ተሰክቶ ካርቶኑ ካልተጨማደደ ዕቃውን ማዘዝ ይቻላል። ይህን የሚያህል ርካሽ መድን በሥራው ውስጥ ሌላ የለም።

የአቀማመጥ ቅደም ተከተል እንደሚታሰበው አያስጨንቅም። ውሃው በፍጥነት ስለሚዞር በአንደኛው ጫፍ እና በሌላኛው መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከካርዱ በፊት ኾነ በኋላ ብዙ ለውጥ አያመጣም። የማይታለፈው አንድ ነገር ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በላይ መኾኑ ነው። ፓምፑ የሚለሰልሰው በሚያሳልፈው ውሃ ስለኾነ ደረቅ ኾኖ ለጥቂት ጊዜ ቢዞር እንኳን ይጎዳል። ከዚህ ሌላ በዝውውሩ የመጨረሻ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ውሃ ማውጫ ቧንቧ ማስገባት ተገቢ ነው። ሲገጠም ትርፍ ወጪ የሚመስለው ይህ ቧንቧ ከዓመት በኋላ ውሃ ሲቀየር ኬዙን ገልብጦ ከማፍሰስ ያድናል።

የብረቶቹ ጉዳይ ለጋራዥ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ብሎኮቹ ከመዳብ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ በኒኬል ይለበጣሉ። ስለዚህ ራዲያተሩም የመዳብና የነሐስ መኾን አለበት። ከተበላሸ የፋብሪካ እሽግ ማቀዝቀዣ ላይ የተፈታ የአሉሚኒየም ራዲያተር ከመዳብ ብሎክ ጋር በአንድ ውሃ ከተገናኘ በመካከላቸው እንደ ባትሪ ያለ ሥራ ይጀመራል፤ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ እየተበላ ብናኙ በብሎኩ ውስጥ ያሉትን ጠባብ መስመሮች ይደፍናል፣ በመጨረሻም ራዲያተሩ ይበሳል። ይህ ሥራ በተጀመረበት ዘመን በሌላው ዓለም የነበሩ አፍቃሪዎች ከአሮጌ መኪኖች የሚወጣውን ትንሹን የካቢን ማሞቂያ ራዲያተር ይጠቀሙ ነበር። የመዳብ እስከኾነ እና በደንብ እስከታጠበ ድረስ ዛሬም ይሠራል። ከመግጠም በፊት ግን በሞቀ የተጣራ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው፤ አዲስ ራዲያተር እንኳን ከፋብሪካ የተረፈ የብየዳ ቅባት በውስጡ ይዞ ይመጣል።

ውሃውስ? የቧንቧም፣ የጉድጓድም፣ በፕላስቲክ የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይኾንም። ሁሉም ማዕድን አላቸው፤ በማንቆርቆሪያ ታች የሚጋገረው ነጭ ነገር በብሎኩ ውስጥም ይጋገራል። የሚያስፈልገው በትነት የተጣራ ውሃ ሲኾን በመኪና መለዋወጫ መደብሮች “የባትሪ ውሃ” ተብሎ ይሸጣል። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል። በዚያው መደብር ለአዲስ ባትሪ መሙያ የሚሸጠው አሲድም ተመሳሳይ ፕላስቲክ ውስጥ ሊኾን ይችላል፤ ሻጩ ስሙን አቀላቅሎ ከጠራው ጉዳቱ ለማሽኑም ለእጅም ነው። ጽሑፉ ያልተነበበ ዕቃ አይከፈትም። ለአንድ መካከለኛ ኬዝ አንድ ሊትር አካባቢ ይበቃል። በውሃው ላይ አልጌ እንዳይበቅል እና ብረቱ እንዳይበላ የሚከላከል፣ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ድብልቅ ይጨመርበታል። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ያለባቸው ባለቀለም ፈሳሾች ለፎቶ ያምራሉ፤ ለሚሠራ ማሽን ግን ብናኛቸው ስለሚረጋ አይመከሩም። የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም የሚለውም ማጽናኛ ብዙ ርቀት አይወስድም፤ ከብረቶቹ ጋር ሲዞር ከቆየ በኋላ ማስተላለፍ ይጀምራል።

ለጀማሪ ለስላሳ ቱቦ ይሻላል። በእሳት እየተለሰለሰ የሚታጠፈው ጠንካራ ቱቦ ውበት አለው፤ ግን አንዱ መታጠፊያ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ቱቦው እንዳለ ይጣላል፤ መተኪያውም በቢቸና ገበያ አይገኝም። ለስላሳው በምላጭ ቀጥ ብሎ ይቆረጥና በመገጣጠሚያው ላይ ተጭኖ ይታሰራል። የሚያፈስሰው ብዙ ጊዜ በሰያፍ የተቆረጠ ቱቦ ወይም ተጣሞ የገባ የጎማ ቀለበት ነው።

ሲሞላ መቸኮል አይገባም። ወደ ማዘርቦርዱ፣ ወደ ግራፊክስ ካርዱ እና ወደ ዲስኮቹ የሚሄዱት የፓወር ሰፕላይ ገመዶች ሁሉ ይነቀላሉ፤ ከፓምፑ በቀር ምንም ነገር ኤሌክትሪክ አያገኝም። በዋናው ባለ24 ቀዳዳ መሰኪያ ላይ አረንጓዴው ገመድ ከአንዱ ጥቁር ገመድ ጋር ሲገናኝ ፓወር ሰፕላዩ ያለ ማዘርቦርድ ይነሣል። ማጠራቀሚያው ይሞላል፤ ፓምፑ ለጥቂት ሰከንድ ይነሣና ውሃው ሲያልቅ ወዲያው ይጠፋል፤ እንደገና ይሞላል። ይህ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ኬዙን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ ይደገማል። ከዚያ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር ነጭ ሶፍት ተነጥፎ ፓምፑ ብቻውን ለ24 ሰዓት ይዞራል። አንዲት ነጠብጣብ ሶፍቱ ላይ ከታየች ሥራው እንደገና ይጀመራል። ገመዶቹ ባልተሰኩበት ጊዜ የፈሰሰ ውሃ ተጠርጎ የሚደርቅ ሲኾን ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ የፈሰሰው ግን ማዘርቦርድ ያስቀይራል።

የመብራት መቆራረጥ ለዚህ ሥርዓት የሚፈራውን ያህል አያሰጋም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ቢቆምም ሙቀት አመንጪው ፕሮሰሰርም አብሮ ይቆማል። አደገኛው ፓምፑ ብቻውን ተበላሽቶ ኮምፒውተሩ ሥራውን ሲቀጥል ነው። ለዚህም የፓምፑ የፍጥነት መለኪያ ሽቦ በማዘርቦርዱ የፕሮሰሰር ፋን መሰኪያ ላይ ይሰካል፤ ባዮስ ላይ ማስጠንቀቂያው ከተከፈተ ፓምፑ ሲቆም ማሽኑ ይናገራል ወይም ራሱን ይዘጋል። ኀይሉ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ዩፒኤስ ወይም ስታቢላይዘር ማስገባት ለፓምፑ ብቻ ሳይኾን ለመላው ማሽን ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አለ። ኮምፒውተሩ የጋለው ማቀዝቀዣው ስላነሰ ነው ወይስ ስለቆሸሸ? በበጋው ወራት የመንገዱ አቧራ፣ በአውድማ ጊዜም የጤፍ እብቁ በየቤቱ ይገባል። የፋኑንና የብረቱን አቧራ ማጽዳት፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት መቀየር እና የአየሩን መግቢያና መውጫ ማስተካከል በጥቂት ብር የሚከናወን ነው። 65 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር ላለው የቢሮ ኮምፒውተር ውሃ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። 125 ዋት ለሚወስደውም ቢኾን ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ውሃም አይፈስሰውም። ራሱን የቻለ የውሃ ዝውውር የሚገባው ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ለሰዓታት ሙሉ አቅማቸውን ለሚጠቀሙበት፣ ጩኸቱ ሥራ ለሚረብሽበት እና ባለቤቱ በዓመት አንድ ቀን ለጥገና ለሚሰጠው ማሽን ነው። ራዲያተሩም ከአቧራ አያመልጥም፤ በፊቱ ያለው ማጣሪያ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ቢታጠብ መልካም ነው።

አዲስ አበባ ተገጣጥሞ በአውቶቡስ ወደ ቢቸና የሚመጣ ማሽን ካለ ውሃው ሳይወጣ መጫን የለበትም። ረጅሙ መንገድ ሲያንገጫግጨው መገጣጠሚያው ይላላል፣ ከባዱ የመዳብ ብሎክም የግራፊክስ ካርዱን ከመሰኪያው ሊያጎብጠው ይችላል። ውሃው በማውጫው ቧንቧ ይወጣል፣ ካርዱ ተፈትቶ ለብቻው በስፖንጅ ይጠቀለላል፣ ኬዙ ተኝቶ ይጫናል። ቤት ሲደርስ ካርዱ ይመለሳል፣ ውሃው እንደገና ይሞላል፤ ሶፍቱም በየመገጣጠሚያው ሥር ተነጥፎ ፓምፑ ብቻውን እንደገና ለ24 ሰዓት ይዞራል።